ሳይለኩ መቀየር ጥገና አይደለም

ይህን ጽሑፍ አንብበው የሚቀየሙኝ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ። ጓደኞቼ አሉበት፣ ያስተማርኳቸው ልጆች አሉበት፣ እዚሁ አሪቻ ቡና የምንጠራራ ጎረቤቶቼም አሉበት። ይሁና! እኔ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፣ ያውም በዲፕሎማ። መካኒክ አይደለሁም። "አስተማሪ ስለ መኪና ምን አገባው?" ለምትሉኝ መልሴ አጭር ነው። የኦም ሕግ የኔ ክፍለ ጊዜ ነው። ቴርሞሜትር የኔ ክፍለ ጊዜ ነው። ውሃ ስንት ዲግሪ ላይ ይፈላል የሚለውም የኔ ነው። ዛሬ የማወራው ከነዚህ አይወጣም።

ጉዳዩ የሞተር ሙቀት ሴንሰር ነው። ከአውራ ጣት ብዙ የማትበልጥ፣ ቴስታታው ላይ ወይም ቴርሞስታቱ አካባቢ የተቀበረች፣ ጫፏ ውሃው ውስጥ የሚነከር ትንሽ ዕቃ። ለኮምፒውተሩ "ሞተሩ አሁን ይህን ያህል ሞቋል" ብላ የምትናገረው እሷ ናት። ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን የሚመጥነው የእሷን ቃል አምኖ ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ነው ካለችው ነዳጅ ይጨምራል፤ ሞቋል ካለችው ይቀንሳል። የራሱ ዓይን የለውም።

የኔ አቋም ይሄ ነው፦ ሳይለካ ዕቃ የሚቀይር ሰው በባለመኪናው ገንዘብ ዕጣ እያወጣ ነው። "ለመለካት ብቻ ብር አልከፍልም" የሚል ባለመኪና ደግሞ ዕጣውን ራሱ ገዝቶ ነው የሚያስወጣው። ሁለታችሁንም ነው የምናገረው።

ነገሩን ያነሳሳኝ የአንድ ጎረቤታችን ኮሮላ ነው። ስማቸውን አልጠራም፤ ጋሼ ነው የምንላቸው። ቤት የሚተዳደረው በዚህች መኪና ነው። መኪናዋ ነዳጅ መብላት ጀመረች። ከኋላዋ ጥቁር ጭስ፤ ሞቃ ጠፍታ ስትነሳ ደግሞ እምቢ ማለት። ጠዋት ግን ምንም አይላት። ጋሼ ወደ ጋራዥ ወሰዷት (የቱ ጋራዥ እንደሆነ ይቅር፤ ማንንም ላስጠቁር አልመጣሁም)። መጀመሪያ ካንዴላ ተቀየረ። አሮጌው ጠቁሮ ስለነበር እውነት መሰለ። ሳምንት ሳይሞላ አዲሱም ጠቆረ። ቀጥሎ ኢንጀክተር ታጠበ። ቀጥሎ የነዳጅ ፓምፕ። ከዚያ አንዱ "የሙቀት ሴንሰር ነው" አለና ሴንሰሩ ተቀየረ። ለውጥ የለም። "ይሄማ ፌክ ነው፣ ኦርጂናል ፈልጉ" ተባለና ለሁለተኛ ጊዜ ተቀየረ። በመጨረሻ ምን ተባለ መሰላችሁ? "ሞተሩ ይውረድ።" ልብ በሉ፤ ይሄ ሁሉ ሲሆን አንድ ሰው፣ አንድ ጊዜ፣ አንድ ነገር አልለካም።

ከዚህ በኋላ ያለው እንዲገባችሁ ስለ ሴንሰሯ ጥቂት ልበል። ውስጧ ያለው ሲሞቅ ኤሌክትሪክን የመከልከል አቅሙ የሚቀንስ ቁስ ነው። ተራ ሽቦ ሲሞቅ ሬዚስታንሱ ይጨምራል፤ ይሄኛው ተቃራኒውን ያደርጋል። ፋራዳይ ይሄን ጠባይ ያየው እ.ኤ.አ. በ1833 በብር ሰልፋይድ ላይ ነበር፤ ስለዚህ አዲስ ምሥጢር አይደለም። በብዙ የቶዮታ መኪኖች ላይ ሴንሰሯ በ20 ዲግሪ ከ2 እስከ 3 ሺህ ኦም፣ በ80 ዲግሪ ደግሞ ከ200 እስከ 400 ኦም ታሳያለች። ኮምፒውተሩ 5 ቮልት ይልክና ምን ያህሉ እንደቀረ አይቶ ሙቀቱን ይገምታል። ይኸው ነው። ከዚህ ውስጥ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የማይገባው ነገር የለም።

ወደ ጋሼ መኪና ልመለስ። ያስተማርኩት አንድ ልጅ ጋራዥ ይሠራል። እሁድ ቀን ቴስተሬን ይዤ ከእሱ ጋር እንሰቱ ሥር ኮፈኗን ከፈትን። ሞተሩን አሙቀን አጠፋን፤ የሴንሰሯን ሶኬት ነቅለን እግሮቿ ላይ ለካን። ከ300 ኦም ትንሽ ከፍ ይላል። ጤነኛ ናት። ጋሼ የተነቀሉትን አሮጌዎቹን ፖርቶባጋልዮ ውስጥ አኑረዋቸው ነበር፤ ሁለቱንም ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክረን ለካናቸው። እነሱም ጤነኛ። ሦስት ጤነኛ ሴንሰር! ከዚያ ሶኬቱን መልሰን ሰክተን፣ ሽቦው ኮምፒውተሩ ጋ ከሚደርስበት ጫፍ ለካን። 2 ሺህ 400 ኦም ገደማ።

ተማሪዎቼ የነበራችሁ፣ ይሄን ጥያቄ ፈተና ላይ አቅርቤላችሁ አውቃለሁ። አንዱ ጫፍ ላይ 300፣ ሌላው ጫፍ ላይ 2 ሺህ 400። መሃል ላይ በተከታታይ የተሰካ 2 ሺህ 100 ኦም አለ ማለት ነው። ማንም ያልገዛው፣ ማንም ያልገጠመው ሬዚስተር! ሶኬቱን ገልጠን ብናይ ውስጡ አረንጓዴ ሆኗል። ውሃ ገብቶ መዳቡን በልቶታል። ኮምፒውተሩ 2 ሺህ 400 ሲያይ "ሞተሩ 20 ዲግሪ ላይ ነው" ብሎ ያምናል፤ በፈላ ሞተር ላይ የማለዳ ነዳጅ ያፈስበታል። ጭሱም፣ የጠቆረው ካንዴላም፣ ሞቆ አልነሳም ማለቱም ከዚህ ነው የመጣው። ጠዋት ደህና የነበረችውም ጠዋት ሞተሩ በእውነት ቀዝቃዛ ስለሆነ ነው። ቼክ መብራት ያልበራው ደግሞ 20 ዲግሪ ለኮምፒውተሩ ጤናማ ቁጥር ስለሆነ ነው፤ ሽቦው ጨርሶ ቢበጠስ ኖሮ ይበራ ነበር። የበሰበሰው ሽቦ ተቆርጦ በአዲስ ተበየደ፣ ሶኬቱ ተቀየረ። ጭሱ ቆመ።

ያ ልጅ ያለኝን ልንገራችሁ። "ቲቸር፣ እኔ እኮ መጀመሪያውኑ ልለካ ብዬ ነበር። 'ትምህርት ቤት መሰለህ እንዴ?' አለኝ ጌታዬ።" እኔን ያናደደኝ ከወጣው ብር ሁሉ በላይ ይቺ ናት። ልጁ ያውቃል። መለካት ይችላል። መለካት ግን ጋራዥ ውስጥ ሥራ መፍታት ነው፤ ቁልፍ ይዞ መፍታት ነው ሥራ።

ግን ጌታውን ብቻ ልራገም? ሐቁን እንነጋገር። መካኒኩ "ለምርመራ ይህን ያህል ክፈል" ቢለን ምን እንላለን? "ምን ቀየርክና?" እንላለን። ጤና ጣቢያ ስንሄድ ካርድ እናወጣለን፣ ለላብራቶሪ እንከፍላለን። ውጤቱ "ወባ የለብህም" ቢሆን "እንግዲያው ብሬን መልስ" የሚል ሰው አይቼ አላውቅም። ደማችንን ሳያይ የወባ መድኃኒት የሰጠን ባለሙያ ቢኖር ደግሞ መንደር ሙሉ እናወራበታለን። መኪናችን ላይ ግን ደም ሳይታይ መድኃኒት እንዲሰጥ የምናዘው እኛው ነን። ዕቃ ሲቀየር ብቻ የሚበላ መካኒክ ዕቃ ቢቀይር ምን ይገርማል?

አሁን ደግሞ ወደ ሌላው ጉድ። "ቴርሞስታት ለበረዶ አገር ነው፣ እዚህ አውጥተህ ጣለው።" ይሄን ያልሰማ ባለመኪና አለ? ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋ በር ነው። በብዙ ቶዮታዎች 82 ዲግሪ አካባቢ መከፈት ይጀምራል። አውጥታችሁ ስትጥሉት ሞተሩ በብርድ ጠዋት፣ በተለይ ቁልቁለት ላይ፣ መድረስ ያለበት ሙቀት ላይ አይደርስም። ሴንሰሯም ሐቁን ትናገራለች፦ "ቀዝቃዛ ነው።" ኮምፒውተሩ ነዳጅ ይጨምራል። ባለመኪናው "ነዳጅ በላችብኝ" ይላል። መካኒኩ "ሴንሰር ነው" ይላል። እውነት የተናገረችው ተነቅላ ትጣላለች! በዚህ ላይ በብዙ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ሲከፈት የባይፓሱን ቀዳዳ በሌላ ጎኑ ይዘጋል። እሱ ከሌለ ከፊሉ ውሃ ራዲያተሩን ሳያይ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። እንግዲህ ከዲላ ወደ ቡሌ ያለውን ዳገት ጭናችሁ ስትወጡ እንዳይሞቅ ያወጣችሁት ቴርሞስታት ራሱ ያፈላችኋል።

የከፍታ ነገርም አለ፤ ይሄን በተለይ የኛ ሰው ይስማኝ። እኛ ያለነው ወደ 2 ሺህ ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚህ ጀበና ውስጥ ያለው ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ላይ አይደለም፤ 93 አካባቢ ነው። ዲላ ስትወርዱ 95 ገደማ ይሆናል። ሞተር ደግሞ 90 አካባቢ ሆኖ ሲሠራ ጤነኛ ነው። ታዲያ ለምን አይፈላም? የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ስለሚይዝ ነው። ደህና ክዳን ካለ ንጹሕ ውሃ እንኳ እዚህ 115 ዲግሪ አካባቢ እስኪደርስ ይታገሳል። ኩላንት ከተቀላቀለበት ከዚያም በላይ። ክዳኑ ጎማው ደርቆ ግፊት ካልያዘ ግን 93 ላይ ይንፈቀፈቃል። ሹፌሩ መርፌውን ያያል፤ መሃል ላይ ነው። ራዲያተሩን ያያል፤ እየፈላ ነው። "ጌጁ ይዋሻል፣ ሴንሰሩ ይቀየር!" ይላል። ሴንሰሩ 93 አለ፣ ውሃውም 93 ነው። ማን ዋሸ? የዋሸው ክዳኑ ነው፤ እሱን ግን ማንም አይጠረጥረውም። ውሃው ጎድሎ የሴንሰሯ ጫፍ አየር ላይ ከቀረም ሞተሩ እየተቃጠለ ቀዝቃዛ ታሳያለች። ስለዚህ ከሁሉ በፊት፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ፣ የውሃውን ልክ ማየት ነው። ትኩስ ራዲያተር የከፈተ ሰው ፊት ምን እንደሚመስል ያየ አይጠፋም፤ እባካችሁ አትክፈቱ።

ሌላም ነገር አለ። አሮጌ መኪኖች ላይ ብዙ ጊዜ ሁለት የተለያዩ ሴንሰሮች አሉ። ባለ አንድ ሽቦዋ ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን መርፌ ታንቀሳቅሳለች፤ ባለ ሁለት ሽቦዋ ለኮምፒውተሩ ትናገራለች። መርፌው አልሠራ ሲል ባለ ሁለቷን፣ ነዳጅ ሲበላ ባለ አንዷን የቀየረ ሞልቷል። ብዙ ቪትዞች ላይማ መርፌው ራሱ የለም፤ ሲቀዘቅዝ ሰማያዊ፣ ሲብስ ቀይ መብራት ብቻ ነው ያለው። ቀይ በርቶ "ትንሽ ልግፋባት" የሚል ሹፌር የቴስታታ ጓርኒሲዮን ዋጋ ይጠይቅ።

"መለኪያ የለኝማ" አትበሉኝ። የ90ዎቹ (በፈረንጅ) ኮሮላ ያላችሁ፣ ኮፈን ሥር ካለው የምርመራ ሳጥን ቲኢ1 እና ኢ1 የሚሉትን ሁለት ቀዳዳዎች በወረቀት ማያያዣ ሽቦ አገናኝታችሁ ቁልፉን ክፈቱ፣ ሞተሩን አታስነሱ። ቼክ መብራቱ ይርገበገባል። ሁለቴ፣ ፋታ፣ ሁለቴ ካለ ኮድ 22 ነው፤ የሙቀት ሴንሰር መስመር። ወጪው ዜሮ። አዳዲሶቹ ላይ በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የሚገናኝ ትንሽ የኦቢዲ ማንበቢያ ይበቃል። መኪናው አድሮ፣ ጠዋት ሳይነሳ፣ የሞተር ውሃውንና የሚገባውን አየር ሙቀት አንብቡ። አድሮ የቀዘቀዘ ሞተር የአየሩን ሙቀት ነው የሚይዘው፤ ሁለቱ ቁጥሮች መቀራረብ አለባቸው። አየሩ 14 ውሃው 45 ካለ አንዱ ይዋሻል። ከሲቀነስ 40 ዲግሪ ካለ ደግሞ አሪቻ በረዶ ወርዶ አይደለም፣ መስመሩ ተበጥሷል። ሶኬቱን ስትነቅሉ ቁጥሩ ወደ ሲቀነስ 40 መውረድ አለበት፤ የሶኬቱን ሁለት ቀዳዳዎች በሽቦ ስታገናኙ ከ120 በላይ መውጣት አለበት። እንዲህ ካደረገ ሽቦውም ኮምፒውተሩም ደህና ናቸው፣ ጥፋቱ ሴንሰሯ ጋ ነው። ካላደረገ ሽቦውን ተከተሉ። እንሰት ሥር የምታሳድሩት መኪና ከሆነ አይጥንም አትርሱ።

ኮዱን ያነበበ ሁሉ መረመረ እንዳይመስላችሁ ደግሞ። ፒ0118 ሲል ማሽኑ ያለው "የዚህ መስመር ቮልቴጅ ከልክ በላይ ነው" ነው። ሴንሰር ቀይር አላለም። ለጋሼ ሦስተኛ ሴንሰር የሚያስገዛ ሰው ከዚህ ነው የሚጀምረው።

"አባቴ በላንድሮቨር ሠላሳ ዓመት ሲነዳ ሴንሰር የሚባል አያውቅም ነበር" የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው። ላንድሮቨሩም፣ የድሮው ፊያትም፣ ፔጆ 404ም ነዳጅ የሚመጥን ኮምፒውተር አልነበራቸውም። ያኔ ጆሮና አፍንጫ ያለው መካኒክ ጀግና ነበር፣ ዛሬም አከብረዋለሁ። ግን 5 ቮልት አይሸትም። 2 ሺህ 100 ኦምን በጆሮ የሚሰማ ሰው ካለ አምጡልኝ፣ ክፍል አስገባዋለሁ።

ይሄ ነገር ዛሬ ለምን አንገበገበኝ? በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ዋጋ ሰማይ ሰቀለው። በጥር 2016 ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዶ/ር ዓለሙ ስሜ ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ ተናገሩ። ውሳኔው ልክ ነው አይደለም የሚለውን ለሌላ ቀን እናቆየው። እኛን የሚመለከተው ግን እጃችን ላይ ያለችው ኮሮላ፣ ያለችው ቪትዝ ገና ብዙ ዓመት ልታገለግለን ግድ መሆኑ ነው። ምትክ የላትም። የኤሌክትሪኩ ሲመጣም ባትሪው ሙቀቱን የሚያውቀው በዚያው ዓይነት ሴንሰር ነው፤ ያኔስ ባትሪውን እየቀየርን ልንሞክር ነው?

በቡና ወቅትማ አታንሱት። አንድ አይሱዙ እሸት ቡና ጭኖ መንገድ ላይ አፍልቶ ቢቆም የቆመው መኪናው ብቻ አይደለም። እሸቱ በተለቀመበት ቀን መፈልፈል አለበት። ጆንያ ውስጥ ካደረ ይሞቃል፣ ይብላላል፣ ጠዋት ሲፈልፈል ጣዕሙ ሌላ ነው። ገበሬው ዓመት የጠበቀው ዋጋ በአንዲት የራዲያተር ክዳን ይወርዳል። ሹፌሩ "ሴንሰር አስቀይሬ ነበር እኮ" ቢል ለገበሬው ምን ይፈይድለታል?

ተለክቶ ሴንሰሯ ጥፋተኛ ሆና ከተገኘች መቀየሩ ራሱ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ሞተሩ ይቀዝቅዝ። የባትሪው ኔጌቲቭ ይነቀል። ከራዲያተሩ ትንሽ ውሃ አውርዳችሁ በንጹሕ ዕቃ ያዙት። ኩላንት ከሆነ መሬት ላይ አትድፉት፤ ጣፋጭ መርዝ ነው፣ ውሻም ሕፃንም ይልሰዋል። ብዙ ቶዮታዎች ላይ ረዥም 19 ቁጥር ቡሽ ይፈታታል። አዲሷን ከመግጠማችሁ በፊት እሷንም ለኩ (አዲስ ሁሉ ጤነኛ አይደለም)፣ አዲስ ዋሸር አድርጉላት፣ ደግሞ በጉልበት አታጥብቋት፤ የምትገባበት አሉሚኒየም ነው፣ ጥርሱ ከተበላ የሴንሰር ወጪ የቴስታታ ወጪ ይሆናል። ባለ አንድ ሽቦዋ ላይ የቴፍሎን ክር አትጠምጥሙ፤ ኔጌቲቭ የምታገኘው በጥርሷ በኩል ነው። ውሃውን ሙሉ፣ ሂተሩን ከፍታችሁ አየሩ እስኪወጣ አስነሱት፣ ኮዱን አጥፉ፣ ቬንትሌተሩ ራሱ ተነስቶ ራሱ እስኪጠፋ ድረስ አጠገቡ ቁሙ። ቬንትሌተሩን "ዳይሬክት" ያስደረጋችሁ ይሄን ማየት አትችሉም፤ መጀመሪያ እሱን አስመልሱ።

ጋራዥ የገባችሁ ልጆቼ፣ ጌታችሁ ቢስቅባችሁም ለኩ። የለካችሁትን ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ ለባለመኪናው ስጡት፤ ለዚያም አስከፍሉት፣ አትፈሩ። ባለመኪኖች ደግሞ "ሴንሰር ነው" ሲባል "ስንት ኦም አሳየ? ሞተሩ ስንት ዲግሪ ላይ ሳለ?" በሉ። መልስ ከሌለ ብሩ ኪሳችሁ ይቆይ።

ኮመንት ላይ የምትሰድቡኝ ቁጥር ይዛችሁ ኑ። ቴስተር የሌላችሁ ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነኝ፣ አውሳለሁ። ባለ 9 ቮልት ባትሪውን ግን ራሳችሁ ገዝታችሁ ኑ፤ ባለፈው የወሰደው ሰው ጨርሶ ነው የመለሰልኝ።